የስዊምራን ዕቃ፦ የቱን በእጅ መሥራት፣ የቱን መግዛት ይሻላል?

ዋናና ሩጫ በሚፈራረቁበት ውድድር፣ በስዊምራን ላይ፣ ሁሉንም ነገር የሚወስን አንድ ሕግ አለ። መነሻው ላይ ይዛችሁ የወጣችሁትን ዕቃ መድረሻው ላይም ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ። መሀል ላይ ልብስ የሚቀየርበት ድንኳን የለም። ጫማችሁን የሚጠብቅላችሁ ሰውም የለም። በጫማ ትዋኛላችሁ፣ በዋና ልብስ ትሮጣላችሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ሥራ አለበት፤ ውሃ ውስጥ ሊረዳችሁ፣ የብስ ላይ ደግሞ ላያስቸግራችሁ።

ስፖርቱ የተጀመረው ስዊድን ውስጥ በውርርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አራት ጓደኛሞች ኡቶ በምትባለው የስቶክሆልም ደሴት ላይ ተወራረዱ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ደሴቶቹን እየሮጡ በመሀላቸው ያለውን ባሕር እየዋኙ፣ ሳንድሃም የምትባለው ቦታ ማን ቀድሞ ይደርሳል በሚል። ከአንድ ቀን በላይ ፈጀባቸው። በ2006 ውርርዱ ኦቲሎ የሚባል ውድድር ሆነ። ርቀቱ ከ70 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ገደማው ዋና ነው። ዛሬ ለጀማሪ የሚሆኑ አጫጭር ውድድሮች በብዙ አገር አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ለስፖርቱ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አልነበራቸውም። ያላቸውን ቆርጠው፣ በስተው፣ አስረው ነው የተወዳደሩት። አሁን ግን ሱቁ ሞልቷል፤ ጀማሪውም ግራ ይጋባል። ሁሉንም ልግዛ? ወይስ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ የትራያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር) የዋና ልብስ ልቁረጥ? እኔ በእጅ መሥራትን አጥብቄ ከሚደግፉት ነኝ፤ ግን ለሁሉም ዕቃ አይደለም።

መጀመሪያ መመዘኛው

ዕቃ ከማየታችሁ በፊት የምትገቡበትን ውድድር ካርታ እዩ። ረጅሙ ዋና ስንት ሜትር ነው? ረጅሙ ሩጫስ? ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? የስቶክሆልም ደሴቶች ውሃ መስከረም መግቢያ ላይ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለው መሀል ሊዋዥቅ ይችላል። ኦርኖ የምትባለው ደሴት ላይ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሩጫ ባንዴ አለ። እዚያ የሚያዋጣ ልብስና 600 ሜትር ዋኝቶ 3 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው የሚያዋጣ ልብስ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው መመዘኛ ሱቅ ውስጥ አይታይም። ዕቃውን እየሮጣችሁ፣ በደነዘዘ ጣት፣ በአንድ እጅ ማስተካከል ትችላላችሁ? ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ የቆየ ጣት ትንሽ ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ የሚቀላችሁ ነገር ድንጋይ ላይ ሊያሸንፋችሁ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ከውሃ ሲወጣ ምን ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። ይህ በተለይ ጫማንና ኪስን ይመለከታል። አራተኛው፣ ቢበላሽ ምን ይደርሳል? የፑል ቦይ (ጭን መሀል የሚያዝ መንሳፈፊያ) ላስቲክ ቢበጠስ በእጃችሁ ይዛችሁት ትሮጣላችሁ። ባሕር መሀል የማይፈታ ገመድ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ዋጋን የማስቀምጠው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዋጋ ሲቀድም ሰው ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ዌትሱት፦ መቁረጥ፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ?

ትልቁ ወጪ እዚህ፣ ሙቀት በሚይዘው የዋና ልብስ በዌትሱት ላይ ነው። ለስዊምራን ተብሎ የተሠራ አዲስ ልብስ ስዊድን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 7,000 ክሮና ያወጣል። ያገለገለ የትራያትሎን ልብስ ግን በ1,000 ክሮና ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛል።

ልዩነቱ ስም ብቻ አይደለም። የስዊምራን ልብስ ዚፑ ከፊት ነው። ሩጫው ሲረዝም እስከ ሆዳችሁ ትከፍቱትና ሙቀቱን ታስወጣላችሁ። እግሩ አጭር ነው። ዳሌና ጭን አካባቢ ስስ ስለሆነ ለመሮጥ ይመቻል። ውስጡ ኪስ አለው። የትራያትሎን ልብስ ዚፑ ከኋላ ነው። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ጥሩ ያንሳፍፋል፤ ሩጫ ላይ ግን ያፍናል።

ታዲያ አሮጌውን መቁረጥ ያዋጣል? ረጅሙ ሩጫችሁ ከ5 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ፣ በደንብ ያዋጣል። ሁለት ሆናችሁ ስለምትወዳደሩ የኋላ ዚፑን ባልደረባችሁ ይከፍትላችኋል። የሚስማማ ልብስ ቤት ውስጥ እያለ ለመጀመሪያ ውድድር አዲስ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሩጫው 10 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን መቀሱን አስቀምጡት። የሙቀት ችግር በመቁረጥ ብቻ አይፈታም።

አቆራረጡን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ልብሱን ልበሱና ከጉልበታችሁ በላይ አራት ጣት ያህል ለክታችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አውልቁት። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በተሳለ የጨርቅ መቀስ፣ ከምልክቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። እንደገና ልበሱት፤ ደረጃ ውጡ፣ ትንሽ ሩጡ። ከጉልበት ኋላ ከያዛችሁ ከኋላ በኩል ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጉት። የተቆረጠ አይመለስምና አትቸኩሉ።

ጠርዙን አጥፋችሁ አትስፉት። የታጠፈ ጠርዝ ጭንን ይልጣል። ልብሱ የተሠራበት ጎማ፣ ኒዮፕሪን፣ እንደ ተራ ጨርቅ ስለማይተረተር የተቆረጠው ጠርዝ እንዳለ ቢቀር ችግር የለውም። አደጋው ያለው ስፌቱ የተቆረጠበት ነጥብ ላይ ነው። እዚያ ላይ ካልያዛችሁት ስፌቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይከፈታል። የኒዮፕሪን ማስቲሽ ጠብ አድርጉበት፣ ሲደርቅ በጠንካራ ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ውጉት።

የቆረጣችሁትን እግር እንዳትጥሉ! ያ ቁራጭ ባት ላይ የሚጠለቅ መንሳፈፊያ ይሆናል። ጫማችሁ ወደ ታች የሚጎትተውን እግር ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ከቁጥቋጦም ይከላከላል። ከተረፈው ላይ መዳፍ የሚያህል ቆርጣችሁ ልብሱ ውስጥ ደረት አካባቢ በሦስት ጎን ብትለጥፉት ደግሞ ለፋሻና ለጉልበት ሰጪ ጄል የሚሆን ኪስ አገኛችሁ።

እጅጌውን ለመቁረጥ ግን አትቸኩሉ። ውሃው ከ14 ዲግሪ በታች ሊወርድ የሚችል ከሆነ ሙሉ እጅጌ ይሻላል። አንድ ወር ተለማመዱበትና ትከሻችሁን ካደከመው ያኔ ከክርን በላይ ቁረጡት።

መሀል ላይ ያለው አማራጭ ያገለገለ የስዊምራን ልብስ ነው፤ ለብዙ ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ስዊድን ያላችሁ እንደ ብሎኬት ባሉ የያገለገሉ ዕቃዎች ገበያዎች ላይ ክረምቱ ሲገባ ፈልጉ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ብዙ ሰው ይሸጣል። ስትገዙ ሦስት ቦታ እዩ፤ ብብቱ ስር ያለውን ስፌት፣ የዚፑን ግርጌ፣ የቂጡን ገጽታ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልብስ መጀመሪያ የሚላላጠው ከኋላ ነው። ትንሽ የጥፍር ጭረት በማስቲሽ ይድናል። የደረቀና ሲለጠጥ የሚሰነጣጠቅ ኒዮፕሪን ግን አይድንም፤ ተዉት።

ፑል ቦይ፦ እዚህ ላይ በእጅ መሥራት ያሸንፋል

ፑል ቦይ በሁለት ጭን መሀል የሚያዝ ፎም ነው። መዋኛ ገንዳ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል። በጫማ ስትዋኙ እግራችሁ ይሰምጣል፤ እሱ ያነሳዋል። አንድ ሊትር መጠን ያለው ፎም አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ወደ ላይ ይገፋል። የባልቲክ ባሕር ደግሞ ጨው የለውም ማለት ይቀላል። በስቶክሆልም ደሴቶች አካባቢ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ግራም ገደማ ጨው ነው ያለው፤ ውቅያኖስ ላይ 35 ነው። እዚያ የሚዋኝ ሰው እንደ ሐይቅ ነው የሚሰምጠው። እስራኤል ውስጥ ኤይላት ላይ ቀይ ባሕር የለመዳችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

ለስዊምራን የተዘጋጀው ፑል ቦይ ከላስቲኩ ጋር ከ400 ክሮና በላይ ሊያወጣ ይችላል። ተራው የገንዳ ፑል ቦይ 200 ክሮና ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለት ቀዳዳና አንድ ላስቲክ ነው፤ ያንን እናንተ መሥራት ትችላላችሁ።

ቅርጹ መሀሉ የቀጠነ፣ ሁለት ወገን ያለው ነው። አንዱን ወገን ብቻ ትበሳላችሁ። ከላይና ከታች ጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ሁለት ቀዳዳ አውጡ፤ 8 ሚሊ ሜትር የድሪል መብሻ ይበቃል። ድሪሉን በዝግታ አዙሩት። ፎሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ቀዳዳው ሻካራ ይሆናል። ከዚያ ላስቲኩን በአንዱ አስገብታችሁ በሌላው መልሱት፤ በመሀሉ የሚቀረው ቀለበት ጭናችሁን የሚይዘው ነው። ጫፉን ስትቋጥሩ ከቋጠሮው በታች ትልቅ የልብስ ቁልፍ አስገቡ። ቁልፉ ከሌለ ቋጠሮው ፎሙን እየቀደደ ይገባል። የላስቲኩን ጫፍ በላይተር ተኮስ አድርጉት።

ላስቲኩ ላይ ምርጫ አለ። ክብ የሆነው ቀጭን ገመድ በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ ጭን ላይ መስመር ያወጣል። የልብስ ሰፊዎች ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በጣም ይመቻል። ብቸኛ ጉዳቱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ መላላቱ ነው፤ በየወቅቱ ትቀይሩታላችሁ። እኔ ጠፍጣፋውን እመርጣለሁ።

ጥብቀቱን የምታውቁት እንዲህ ነው። ስትሮጡ ቦዩ በጭናችሁ ውጭ በኩል ይቀመጣል። ውሃው ጋ ስትደርሱ በአንድ እጅ ገፍታችሁ ወደ መሀል ታዞሩታላችሁ። ለማዞር ሁለት እጅ ካስፈለጋችሁ ጠብቋል ማለት ነው። ስትሮጡ ወደ ጉልበት ከወረደ ላልቷል።

ደካማ ዋናተኛ የሆነ ሰው ሁለት ፑል ቦይ በማስቲሽ አጣብቆ ትልቅ መሥራት ይችላል። መጠኑን ግን ከውድድሩ ሕግ ጋር አስተያዩ። ኦቲሎ ላይ መንሳፈፊያ ከ100 በ60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእጅ የሚሠራ ፑል ቦይ ያን ያህል አይደርስም። የሚያስቸግረው ሩጫው ነው፤ ትልቁ ቦይ በየእርምጃው እጃችሁን ይመታል።

የመጎተቻ ገመድ

ሁለቱ ተወዳዳሪዎች መራራቅ አይፈቀድላቸውም፤ ኦቲሎ ላይ ወሰኑ 10 ሜትር ነው። ስለዚህ ብዙ ጥንዶች በገመድ ይያያዛሉ። ፈጣኑ ከፊት፣ ቀርፋፋው ከኋላ።

ሦስት ዓይነት ገመድ ሰው ይሞክራል። የማይለጠጥ ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን በየቀዘፋው ወገብን ነጠቅ ያደርጋል፤ አልመክረውም። የላስቲክ ቱቦ በጣም ይለጠጣል፣ ሲጎትት ለስላሳ ነው፤ ፀሐይና ጊዜ ግን ይሰነጣጥቁታል። በጨርቅ የተሸፈነው የላስቲክ ገመድ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከሁሉም ይሻላል። የግንባታ ዕቃ መደብር ወይም የጀልባ ዕቃ መደብር ውስጥ በሜትር ይሸጣል። ርዝመቱ 3 ሜትር ይሁን። ካጠረ የኋለኛው እጅ የፊተኛውን እግር ይመታል፤ ከረዘመ ሩጫ ላይ እግር ስር ይገባል።

ገመዱን እናንተ ሥሩ፤ መንጠቆው ላይ ግን አትቆጥቡ። የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ትንሽ መንጠቆ ሸክም አይችልም። ሰፋ ያለ፣ ዝገት የማይዘው፣ በአውራ ጣት ተጭኖ የሚከፈት ካራቢነር ግዙ። ሁለታችሁም በራሳችሁ መንጠቆ በኩል ራሳችሁን መፍታት መቻል አለባችሁ፤ እርስ በርስ ከመጠባበቅ። ቀበቶውንም በትራያትሎን የቁጥር ማሰሪያ አትተኩት። የቦርሳ ማንገቻ ዓይነት ጠንካራ ጥብጣብ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት የፕላስቲክ ዘለበት ያለው ይሁን። ገመዱን በቋጠሮ ብቻ ሰውነታችሁ ላይ ማሰር ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት።

ጫማ፦ ድሪሉን አርቁት

ብዙ ሰው ውሃ እንዲወጣ ብሎ ጫማውን ይበሳል። እኔ አልስማማም። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አሸዋና ጠጠርም ያስገባል፤ ሶሉም ይዳከማል። ጥሩው የተራራ ሩጫ ጫማ ውሃውን በመረቡ በኩል ራሱ ያስወጣል። ጎርቴክስ ዓይነት ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለውን ግን ተዉት፤ ከላይ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል።

ያሏችሁን ጫማዎች ለማወዳደር የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጫማውን ደረቁን መዝኑ። ባልዲ ውስጥ አንድ ደቂቃ ንከሩት። አውጡና ሠላሳ ሰከንድ አንጠልጥሉት፣ እንደገና መዝኑ። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት በየእርምጃው የምትሸከሙት ውሃ ነው። ከዚያ ወፍራሙን የውስጥ ሶል በቀጭን ተክታችሁ ድገሙት። ብዙ ጊዜ ትልቁ ውሃ ያለው ሶሉ ውስጥ ነው።

ሌላው መመዘኛ መቆንጠጥ ነው። የስዊድን ደሴቶች ዳርቻ አልጌ የለበሰ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ከውሃ ስትወጡ የምትወድቁት እዚያ ነው። ለስላሳ ጎማ ያለው ሶል ከጠንካራው ይሻላል፤ ቶሎ ቢያልቅም። እዚህ ላይ አዲስ መግዛት ግዴታ ከሆነ ግዙ። ካልሲው ስስ ይሁን፤ ቀጭን ሱፍ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል።

ፓድልና ጥቃቅኑ

ፓድል፣ ማለትም ለመቅዘፍ መዳፍ ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ርካሽ ስለሆነ የገንዳውን ግዙ። የእጅ አንጓውን ማሰሪያ አውጥታችሁ የመሀል ጣቱን ማሰሪያ ብቻ ተዉ፤ ስትሮጡ በቀላሉ ገልብጣችሁ ትይዙታላችሁ። ትልቅ ፓድል ያልለመደ ትከሻ ይጎዳል፤ ከመዳፋችሁ በጥቂቱ የሚበልጥ ይበቃል። ፊሽካ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ፋሻ፣ የሚታጠፍ ኩባያ፦ እነዚህ በብዙ ውድድር ግዴታ ናቸው፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው። የውድድራችሁን ዝርዝር ተመልከቱ።

በአጭሩ

| ዕቃ | በእጅ መሥራት | ያገለገለ መግዛት | አዲስ መግዛት | የኔ ምርጫ |
|---|---|---|---|---|
| ዌትሱት | ሩጫው አጭር ከሆነ ጥሩ፤ ዚፑ ከኋላ ነው | ዚፑ ከፊት ነው፤ ስፌቱን መርምሩ | ለረጅም ውድድር፤ ውድ ነው | ያገለገለ |
| ፑል ቦይ | ቀላል፤ በልክ ይሠራል | ላስቲኩ የላላ ሊሆን ይችላል | ጥሩ፤ ዋጋው እጥፍ ነው | በእጅ |
| ገመድ | ቀላል፤ ርዝመቱን ራሳችሁ ትወስናላችሁ | አይመከርም፤ የላስቲኩ ዕድሜ አይታወቅም | ጥሩ | ገመዱ በእጅ፣ መንጠቆው አዲስ |
| ጫማ | ቀጭን ሶል መተካት ብቻ | አይመከርም | የሚቆነጥጥ፣ ውሃ የሚያስወጣ | ያላችሁ፤ ካልሆነ አዲስ |
| ፓድል | ማሰሪያ መቀነስ | ይሆናል | ርካሽ ነው | የገንዳው |
| የባት መንሳፈፊያ | ከተቆረጠ ልብስ | ይሆናል | ይሆናል | በእጅ |

ለማን የቱ?

የትራያትሎን ልብስና የተራራ ጫማ ካላችሁ፣ ውድድሩም አጭር ከሆነ፣ ከ400 እስከ 500 ክሮና ባለው ዋና ዋናውን ታሟላላችሁ። ፑል ቦይ፣ ላስቲክ፣ ገመድ፣ ሁለት መንጠቆ፣ ፊሽካ። ቀበቶ፣ ፓድል፣ ፋሻና ኩባያ ለብቻ ናቸው።

ልብስ የሌላችሁ፣ ስፖርቱን እንደምትወዱትም እርግጠኛ ያልሆናችሁ፣ ቢቻል ተከራዩ፤ ካልሆነ ያገለገለ ግዙ። ካልተስማማችሁ መልሳችሁ ትሸጡታላችሁ። የተቆረጠ የትራያትሎን ልብስ ግን ገዢ የለውም፤ ይህንንም በሒሳቡ አስገቡ።

እንደ ኦቲሎ ላለ ረጅም ውድድር የምትዘጋጁ፣ ገንዘባችሁን የፊት ዚፕ ባለው ልብስና ጫማ ላይ አውሉ። ፑል ቦዩንና ገመዱን እንደ ጀማሪው በእጃችሁ ሥሩ። ልምድ ያላቸውም ያደርጉታል፤ ለድህነት አይደለም፣ በልካቸው ስለሚሆን ነው።

በዋና ደካማ የሆናችሁ፣ ትልቅ ፓድል አትግዙ። ተለቅ ያለ ፑል ቦይና የባት መንሳፈፊያ ይዛችሁ፣ የቀረውን ገንዘብ ለዋና አስተማሪ ክፈሉ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም እስራኤል ውስጥ ኪኔሬት ሐይቅ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ስለ ዌትሱት ሳትጨነቁ ጀምሩ። በበጋ በዚያ ሙቅ ውሃ ኒዮፕሪን ለብሶ መሮጥ ለሙቀት በሽታ ያጋልጣል። ኒዮፕሪን ያልሆነ ስስ የትራያትሎን ልብስና ፑል ቦይ ይበቃል። ሀገር ቤት ልትለማመዱ ያሰባችሁም ከዕቃው በፊት ውሃውን አጣሩ፤ ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ ላይ ቢልሃርዝያ አለ፤ ምንም ልብስ አይከላከልላችሁም።

ከውድድሩ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የሠራችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ከባልደረባችሁ ጋር ሐይቅ ዳር ሂዱ። 200 ሜትር ዋኙ፣ ውጡ፣ 500 ሜትር ሩጡ፣ ተመለሱ። ሳትቆሙ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። በሦስተኛው ዙር ላይ ውሃ መሀል ሆናችሁ ሁለታችሁም ተራ በተራ ከገመዱ ራሳችሁን ፍቱ። ማንኛችሁም ከሁለት ትንፋሽ በላይ ከፈጀባችሁ መንጠቆውን ቀይሩ። ቤት ስትገቡ ሁሉንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ዌትሱቱን ጥላ ውስጥ ስቀሉ፤ የፑል ቦዩን ቋጠሮና የቆረጣችሁትን የልብስ ስፌት በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እዩ። ማስቲሹ የተላቀቀበት ቦታ ካገኛችሁ የዚያኑ ዕለት ማታ ለጥፉት፤ ለመድረቅ ሙሉ ሌሊት ስጡት።